ጫጩቶቹ ስለቀመሱት በቆሎ

ለተከበሩ የእህል ጥራት ተቆጣጣሪያችን
ባሉበት

ጤና ከእርስዎ፣ ከቤተሰብዎ፣ በተለይም ከጉበትዎ አይለይ።

እኔ ራህመት ከድሩ በሰበታ፣ ጅማ መንገድ ዳር፣ እህልና ዱቄት የምቸረችር ሴት ነኝ። ክረምቱ እንደወጣ ገላን ካለ መጋዘን የመጣልኝን በቆሎ ብፈታው አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ ስላገኘሁት፣ ጥቂት በፌስታል ቋጥሬ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሥራ አስፈትቼዎታለሁና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛው ምስጋናዬ፣ ፌስታሉን እንኳ ሳይፈቱ «ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ይለቀዋል» ብለው በአባታዊ ቸርነት ስለሸኙኝ ነው። እኔ በቆሎውን ለመጋዘኑ መለስኩ። ዶሮ አርቢው ጎረቤቴ ኦቦ ዲሪርሳ ግን ከዚያው መጋዘን የገዛውን፣ ምክርዎን ከእኔ ሰምቶና አክብሮ፣ አስጥቶ ለጫጩቶቹ አበላ። ክንፋቸውን ጥለው እየደነዘዙ አለቁበት።

ሁለተኛው፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ «ፈንግል ነው» ብለው በስልክ ስለመረመሩልን ነው። የእንስሳት ሐኪሙ እንደ እርስዎ ከሩቅ ማየት ስለማይችል፣ አንዷን ከፍቶ የተበላሸ ጉበቷን አሳየን። የሻጋታ መርዝ ፀሐይም እሳትም አያጠፋውም፣ ሰውንም አይምርም አለን።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ብዙም ሳይቆይ ያው የመጋዘኑ መኪና፣ የሚስቅ ሕፃን የተሳለበት የገንፎ ዱቄት ይዞልኝ መጣ። ከረጢቱ አዲስ፣ ሽታው የማውቀው፣ ማኅተሙ የእርስዎ! የመለስኩት በቆሎ ተፈጭቶ መጣ ልል አልደፍርም፤ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና ጠረጠርኩ።

አልረከብም ብዬ መኪናውን ስመልስ፣ የሰፈራችን አዴ ገለቴ ያንኑ ዱቄት ከሌላ ሱቅ ገዝታ ልጇን ጠዋት ማታ ስትመግብ እንደከረመች ሰማሁ። ስነግራት የተረፈውን ከነከረጢቱ አመጣችው። ከሰፈሩ እናቶች ጋር አዋጥተን አዲስ አበባ አስመረመርነው፤ መርዙ ከተፈቀደው ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ዱቄቱ ከየሱቁ ተነሥቷል፣ መጋዘኑም «ለእድሳት» ተዘግቷል። የገለቴ ልጅ በሐኪም ክትትል ላይ ነው። እርስዎ ደግሞ፣ እግዜር ይስጥዎ፣ ዛሬም ማኅተምዎን ይዘው ወንበርዎ ላይ አሉ።

እህል አሽትታ የምትገዛ፣ ከእንግዲህ ማኅተምም አሽትታ የምታምን፣
አክባሪዎ ራህመት ከድሩ

ማስታወሻ፦ ያ ዱቄት ገና በየሱቁ ሳለ ባለቤትዎ ለገንፎ የሚሆን በቆሎ ፈልገው እኔ ዘንድ መጥተው ነበር። ስለ ዱቄቱ ላስጠነቅቃቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝና «የሱቁን ዱቄትማ የልጆቼ አባት ‹ቤት እንዳታስገቢ› ብሎኛል» አሉኝ። ከመናገሻ የመጣ ንጹሕ በቆሎ መርጬ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ልጆችዎ በጤና ይደጉ።