የጓሮው ክፍል በር

ጥቅምት 6

ሐኪሙ «ደምህ ሲፈላ አትጩህ፤ ጻፍ» አለኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። ምን ልጻፍ? የትምህርት ቤቱን የአጥር በር ስበይድ ዋልኩ። ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስላል። ባለቤቴ ለግፊቴ ብላ ጨው ነስታኛለች። ሌላ ምንም የለም።

አለ እንጂ። የጓሮውን ክፍል የተከራየው ሹፌር ዛሬም ሚስቱን ደበደባት። ግድግዳችን አንድ ነው። ጭንቅላቷ ከግድግዳው ሲላተም በእኛ በኩል ሰዓቱ ከምስማሩ ወደቀ። «ተው!» ብዬ ግድግዳውን በመዶሻ መታሁ። ዝም አለ... ከዚያ ቀጠለ።

ጥቅምት 9

የእህቴ ልጅ ጠበቃ ናት። ቢሮዋ ሄድኩ። «ከቤቴ ላስወጣው፤ ዛሬውኑ» አልኳት።

«አጎቴ፣ ዛሬውኑ የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ትሰጠዋለህ፤ በጽሑፍ፣ ምክንያቱን ገልጸህ። የመውጫ ጊዜም ትሰጠዋለህ። ካልወጣ እንከሳለን። ዳኛ ይወስናል። ያኔም ቢሆን የሚያስወጣው የፍርድ ቤት ሰው ነው፤ አንተ አይደለህም።»

«ቤቱ የኔ አይደለም እንዴ?»

«ያንተ ነው። ውሉ እስኪፈርስ ግን መኖሪያው የሱ ነው። ቁልፍ እንዳትቀይር፣ ውሃ እንዳትዘጋ፣ መብራት እንዳትቆርጥ። በሩን ደግሞ እንዳትነካ! አውቅሃለሁ።»

ታውቀኛለች። ፖሊስ ጥራ አለችኝ። ጠርቼ ነበር እኮ። የሹፌሩ ሚስት፣ ያቺ ልጅ፣ ራሷ በሩ ላይ ቆማ «ወድቄ ነው» ብላ መለሰቻቸው። ከንፈሯ እዚያው እያበጠ...

ጥቅምት 11

ሁለት ጎረቤቶች በምስክርነት ይዤ ማስጠንቀቂያውን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ከዚያ ቀዶ እግሬ ሥር በተነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ብረትዎን ይቀጥቅጡ። ሰው ትዳር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገዎት?»

አንገቱን ማነቅ አማረኝ። በጣም አማረኝ። ጠበቃዋ ቅጂ አስቀምጣለች፤ እሱን መቅደድ አይችልም።

ጥቅምት 20

ነካሁት። በሩን።

ከሥራ ስመለስ ሹፌሩ የለም። ልጅቷ ቧንቧው ጋ ተቀምጣ የተነቀለ ጥርሷን መዳፏ ላይ ይዛ ታየዋለች። ምንም አልጠየቅኳት። መቁረጫዬን ሰካሁና ማጠፊያዎቹን ቆርጬ በሩን አወረድኩት። እኔው የሠራሁት በር ነው፤ የት ጋ እንደሚደክም አውቃለሁ። ልጅቷ ሮጣ አልጋ ሥር ገባች። ብልጭታው አስፈርቷት መሰለኝ።

ጥቅምት 25

የሚገርም ነገር። በሩ ከተነሳ ወዲህ አልመታትም! መጋረጃ ሰቅሏል፤ ነፋሱ ይገልጠዋል። ውሃ የሚቀዳው፣ ልብስ የሚያሰጣው ሁሉ ወደ ውስጥ ያያል። ለካ ዱላው የተዘጋ በር ይፈልጋል?

ሰዓቱን መልሼ ሰቀልኩት።

ኅዳር 2

ከሰሰኝ። ረታኝም። ዳኛዋ ክፉ ሴት አይደለችም። «እንዲወጣ የመጠየቅ መብት ሊኖርዎት ይችላል። መንገዱ ግን ይህ አይደለም» አለችኝ። በሩ ወደ ቦታው ይመለስ ተባለ።

«ክብርት ዳኛ፣ በሩ ከተመለሰ ይገድላታል!» ብዬ ጮህኩ። ልጅቷን ጠየቀቻት። ልጅቷ መሬት መሬት እያየች «ሰላም ነን» አለች። ሹፌሩ ክንዷን ከጀርባ ይዟት ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ?

ኅዳር 3

በሩን መለስኩ። ሹፌሩ ወንበር አውጥቶ፣ እግሩን አነባብሮ ያየኛል። «አደራ ጋሼ፣ ጠበቅ ያድርጉት!»

ጠበቅ አደረግኩት። የማጠፊያዎቹን ፒን ግን ከውጭ በጣት የሚነቀል አደረግኩት። እሱ ስለ ብረት ምን ያውቃል? ለጠበቃዋም አልነግራትም።

ኅዳር 4

ሰዓቱ ወደቀ።

ኅዳር 8

ሐኪሙ ጻፍ ብሏል። ልጻፈው።

ረፋድ ላይ «ድረሱልኝ!» ብላ ጮኸች። እስከ ዛሬ እንዲህ ብላ አታውቅም። ሮጥኩ። ፒኖቹን ነቀልኩና በሩን ገነጠልኩት፤ ግቢው ላይ ተዘረረ። ፀጉሯን በእጁ ጠቅልሎ ፊቷን ከአልጋው ብረት ጋር ያላትማል። ወለሉ ደም በደም ሆኗል። መዶሻው እጄ ውስጥ ነበር፤ መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ትከሻውን መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ወደቀ። ወድቆም መታሁት። ደገምኩት። ደስ አለኝ... ይህን ለማን እነግራለሁ? ደስ አለኝ።

ባለቤቴ ክንዴ ላይ ተንጠለጠለች። «አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለው ነው እኮ!» እሷ ባትደርስ እገድለው ነበር።

ቀና ስል ልጅቷ ታየኛለች። እሱን አይደለም፣ እኔን። እየዳኸች አልጋ ሥር ገባች።

ኅዳር 10

ፖሊስ ጣቢያ አድሬ በዋስ ወጣሁ። ሹፌሩ ሆስፒታል ተኝቷል፤ በሩ ላይ ፖሊስ ይጠብቀዋል። ልጅቷ በመጨረሻ ተናገረች። «ሁልጊዜ ይመታኛል» አለቻቸው፤ ፊቷ በፋሻ ተጠቅልሎ።

ጠበቃዋ አልጮኸችብኝም። ይህ ባሰብኝ። «አጎቴ፣ በሩን ስለ መንቀልህ ማንም አይጠይቅህም፤ ልጅቷ ድረሱልኝ ብላለች። የምትጠየቀው ከወደቀ በኋላ ስለ መታኸው ነው።»



ታኅሣሥ 18

ውሉ ፈረሰ። በዳኛ። በቤቱ ውስጥ ወንጀል ፈጽሟል፣ አስቀድሞም በጽሑፍ ተነግሮታል ተባለ። ያ የቀደደው ማስጠንቀቂያ ሥራውን ሠራ። የእኔ የድብደባ ክስ ግን ገና ቀጠሮ ላይ ነው። የፍርድ ቤቱ ሰው መጥቶ የሹፌሩን ዕቃ አወጣ። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። አንድ ጫማ እንኳ አልነካሁም።

ክፍሉን ለልጅቷ አከራየናት። አዲስ ውል፣ በራሷ ስም። እያንዳንዷን መስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«እኔንስ ማስወጣት ቢፈልጉ?»

«በጽሑፍ እነግርሻለሁ። ጊዜ እሰጥሻለሁ። ከዚያ ዳኛ ያውቃል።»

«በሩንስ?»

«አልነካም።»

ፈረመች። ያመነችኝ ግን አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 20

ዛሬ ልጅቷ ወርክሾፔ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«ጋሼ፣ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ይሥሩልኝ።»

«እሱ እኮ ታስሯል፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ከማን ነው?»

ፊቴን አላየችም። እጄን ነው ያየችው።

«ከእርስዎም» አለች።

ደሜ ይፈላል ብዬ ጠበቅኩ። አልፈላም። በመቁረጫው ቀን አልጋ ሥር የገባችው ከብልጭታው ሸሽታ አልነበረም ለካ!

ከሰዓት ሄጄ ሠራሁት። የማጠፊያዎቹን ፒን በየድኩት፤ ከእንግዲህ ከውጭ አይነቀልም። ከውስጥ ደግሞ ካለኝ ብረት ሁሉ ወፍራሙን መርጬ መቀርቀሪያ አደረግኩላት። ገብታ ዘጋችው።

«ይግፉት እስቲ» አለችኝ ከውስጥ።

ገፋሁት።

«በደንብ!»

በትከሻዬ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት። ንቅንቅ አላለም።

«እሺ ጋሼ። አሁን ይሂዱ።»

ሄድኩ።