ከመዝገቡ የጎደለችው ሌሊት

ቀን ተኝተው ሌሊት ስለሚነቁ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ጉጉት» የሚላቸው ታላቅ ወንድማችን፣ ከሬዲዮ ጠጋኝ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ሲመሽ ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ አባታችን ዕቃውን ይፈታሉ፤ ልጅየው ግን ጥፋቱ የሰማይ ነው ብለው ይሟገቱ ነበር። ነገረኛ ልጅ ነበሩ፤ ደግነቱ እውነታቸውን ነበር።

ፊዚክስ ተምረው በ1968 ዓ.ም. ሞገድ ወደ ሰማይ ልኮ መልሱን በሚቀበል ጣቢያ የሌሊት ተመልካች ሆኑ። በምድር ወገብ አካባቢ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አዮኖስፌር የሚባለው የሰማይ ንብርብር ከፍ ይልና ይታመሳል፤ ሬዲዮም ይረበሻል። የምድር መግነጢስ ከፀሐይ በሚነሣ ማዕበል ሲናወጥ ግን ያ ሁከት አንዳንዴ ጭራሽ ይቀራል፣ አንዳንዴም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይነሣል። እሳቸው ነገሩን የሚለየው ማዕበሉ የሚደርስበት ሰዓት ነው ብለው ጠረጠሩ። ልክ ጀምበር ስትጠልቅ የሚደርስ ብርቱ ማዕበል ለማየት አሥራ አንድ ዓመት ጠበቁ።

በ1976 ዓ.ም. መምህርት ባለቤታቸውን አገቡ። በ1979 ዓ.ም. ያ ማዕበል መጣ። መሣሪያውን እያዘጋጁ ሳሉ ባለቤታቸውን ምጥ እንደያዛቸው በስልክ ተነገራቸው። ተተኪ አልነበረም። ሁሉንም አጥፍተው ሆስፒታል ሮጡ፤ ሊነጋ ሲል ሴት ልጃቸውን ታቀፉ።

በማግስቱ የጣቢያው ኃላፊ ባዶውን ገጽ የፊተኛውን ሌሊት አይተው በግምት እንዲሞሉት አዘዟቸው። «ያላየሁትን አልጽፍም» አሉ። በገጹ ላይ «አልነበርኩም» ብለው ፈረሙበት። ዕድገታቸው ስድስት ዓመት ታገደ። እኛ ታናናሾቻቸውም ግትር ናቸው እያልን አማናቸው፤ ዛሬ ይቅር ይበሉን።

እንዲህ ያለ ማዕበል በሥራ ዘመናቸው ዳግም አልገጠማቸውም። በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ወንበራቸውን የተረከበችው ያችው ልጃቸው ነበረች። አንድም ቀን በመወለዷ ስላመለጣቸው ነገር አላነሡባትም።

በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና እኛን ታናናሾቻቸውን ትተዋል። ልጃቸው የዚያን ሌሊት ተረኛ ነበረች፤ ነገር ግን እጃቸውን ይዛ አደረች። ትናንት ጣቢያው ሄዳ መዝገቡን ገለጠች፤ በሌሊቱ ገጽ ላይ «አልነበርኩም» ብላ ፈረመች።

ሰማዩን በእውነት የጠበቁትን ወንድማችንን፣ የሰማዩ ባለቤት ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበልልን።