የሊቀመንበሩ አዲስ ሥራ

ማክሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1976

ከላንድሮቨሩ የወረደው ጋሼ ኤርጎጌ ነው። ሌላ ሰው ነበር የጠበቅነው። ኤርጎጌ እስከ ባለፈው ሰኔ ድረስ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነበር፤ ሁለት ጊዜ እጅ አውጥተን መርጠነዋል። አሞኛል ብሎ ለቀቀ። አሁን ሆሳዕና፣ እህል ገዢው ድርጅት ውስጥ የኮታ ሠራተኛ ነው፤ ማኅበራት በግዴታ ለመንግሥት የሚሸጡትን እህል ያሰባስባል። ወፍሯል።

ሁሉንም በሃዲይኛ ሰላም አለ። የልጆቼን ስም አንድ በአንድ ጠራ። ከዚያ "የእናንተ ኮታ አንሷል ተብሏል። ነገ እንነጋገራለን" ብሎ ለማደር ወደ ጊምቢቹ ከተማ ሄደ። አንሷል ያለው ማን እንደሆነ አልነገረንም።

እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ አልጽፈውም። መሬት ሲመዘገብ የላይኛውን የስንዴ ማሳ እንሰት ብዬ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ። ያስጻፈኝ ኤርጎጌ ነው። "ጻፍ እንጂ! እንሰት ጭኖ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና አይተህ ታውቃለህ?" አለኝ፤ ሁላችንም ሳቅን። ኮታ የሚጣለው በእህል ብቻ ነው። ከዚያ ማሳ የሚገባው ስንዴ የሁላችንም ዘር ነው። አሁንም መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ሌላ ዘር የለንም።

ረቡዕ፣ ጥር 16

ስብሰባው መጋዘኑ በረንዳ ላይ ነበር። ኤርጎጌ ሊቀመንበር ሳለ ይቀመጥበት ከነበረው ወንበር ትይዩ ተቀመጠ። የጠየቀው ተጨማሪ ኮታ መጋዘን ካለው ዘር ጋር ልክ ለልክ ነው። ከየት አውቆ ማለት አያስፈልግም።

"እኔ የእናንተው ሰው ነኝ። ውስጥ ሆኜ እከራከርላችኋለሁ" አለ።

ዳንሼ ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጅ የምታሳድግ የኮሚቴ አባል ናት። "ጋሼ፣ አምና እዚህ ቆመህ አንሰጥም ስትል ጉሮሮህ ደርቆ ውሃ ያቀበልኩህ እኔ ነኝ። ዛሬ ማን ያቀብልህ?" አለችው።

"ዳንሼ፣ ምነው ምላስሽ ላይ ኮታ በተጣለ!" አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አሁን ይቆጨኛል።

ሲሄድ አዲሱ ሊቀመንበራችን ሎምቤቦ ቀለል አለው። "የማሳውን ነገር አያነሳም። ካነሳ ራሱን መክሰሱ ነው" አለ። ተስማማን። ለዓርብ መልስ እንስጥ፣ ከዚያ በፊት እኔ ሆሳዕና ሄጄ አቤት ልበል ተባለ።

ሐሙስ፣ ጥር 17

ሆሳዕና። መናኸሪያ ሻይ ጠጥቼ አቤቱታዬን እንደገና አነበብኩ። ሦስት ነጥብ፦ ኮታችንን ሞልተናል። የቀረው ዘር ነው። ዘር ከተወሰደ ለክረምት የሚዘራ የለም።

የአውራጃው ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር በትሕትና ተቀበለኝ። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበ። "ከባድ ሥራ ነው፣ አውቀዋለሁ። ኤርጎጌ ያለበት ወንበር ላይ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ" አለኝ። አላወቅሁም ነበር። ከድርጅቱ ወጥቶ ነው ለዚህ ቦታ የተመረጠው።

"ታዲያ ለማን አቤት ልበል፣ ጓድ?"

"ለእኔ ብለሃል እኮ።"

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። 

ዓርብ፣ ጥር 18

ኤርጎጌ ብቻውን ቤቴ መጣ። አልተቆጣም። ሆሳዕና መሄዴን ያውቃል።

"ዘሩን በፈቃደኝነት ብትሰጡ ይሻላል። አለዚያ ማሳ ለክተው መዝገብ የሚያዩ ሰዎች ይመጣሉ" አለ።

"ያስጻፍከኝ አንተ አይደለህም ወይ፣ ጋሼ?"

"አስጽፌሃለሁ። ግን ስሜ የት አለ?"

መዝገቡን አወጣሁ። ስሙ የትም የለም። የመጀመሪያው ሊቀመንበራችን መጻፍ ስለማይችል ማኅተም ብቻ ያሳርፍ ነበር፤ የሚፈርመው ጸሐፊው ነው። ኤርጎጌ መጻፍ እየቻለ በዚያው ቀጠለ። ራሱን ከኛ ከፍ አላደረገም ብለን አመስግነነው ነበር። ገጹ ላይ ያለው የማኅበሩ ማኅተምና የእኔ ፊርማ ነው። ማኅተሙ ዛሬ ያለው ሎምቤቦ ኪስ ውስጥ ነው።

"ለአንተ ብዬ ነው፣ ልጆች አሉህ" አለኝ። ይህን ሲል ከልቡ ይመስለኛል። ያ ነው የከበደኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 19

ለኮሚቴው ሁሉንም ነገርኩ። እኔ እታሰራለሁ አልኩ እንጂ ስጡ አላልኩም። አትስጡም አላልኩም። ሎምቤቦ ዘሩ ይሰጥ የምትሉ እጅ አውጡ አለ። ከዳንሼ በቀር ሁሉም አወጣ።

"ሰኔ ላይ ምን ልዘራ?" አለችኝ፣ እኔን እያየች። እነሱን አይደለም።

ቃለ ጉባኤው ላይ "በሙሉ ድምፅና በፈቃደኝነት" ብዬ ጻፍኩ። ኤርጎጌ የላከው ቃል ነው። ፈረምኩ።

ሰኞ፣ ጥር 21

ስንዴው ተጫነ። መጋዘኑ ተጠርጎ ባዶ ሆነ። ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስለኛል፤ ያሳፍረኛል። ዳንሼ ሰላምታዬን አልመለሰችም።

ከሰዓት በኋላ ሎምቤቦ መጣ። ተቀመጠ። ከዚያ እህል ገዢው ድርጅት ለሾኔ ቅርንጫፉ ሰው እንደሚፈልግ፣ ኤርጎጌም ሹክ እንዳለው ነገረኝ።

"ልትሄድ ነው?"

"ሰኔ ሲገባ ሰው ዘር ብሎ ደጄ ይመጣል። እዚህ መገኘት አልፈልግም።" ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ማመልከቻ ትጽፍልኛለህ?" አለ።

ነገ ና አልኩት። እሱ ከሄደ ሌላ ሰው እንመርጣለን። ማንን እንደምንመርጥ ሳስብ ቆየሁ፤ አንድም ስም አልመጣልኝም። የሎምቤቦ ማመልከቻ ወረቀት ፊቴ ነው። እስካሁን የጻፍኩት ቀኑን ብቻ ነው።