«ሐይቁ እንደነበረ ነው»፦ የሐይቅ ጠባቂው የዶን ቴኦዱሎ ኮቻቺን የሕይወት ታሪክ

ዶን ቴኦዱሎ ኮቻቺን ከአባታቸው ከዶን ማርሲያል ኮቻቺንና ከእናታቸው ከዶኛ ኤውላሊያ ሹዋን፣ በፔሩ በአንካሽ ተራሮች ሥር በምትገኘው በያናሩሪ መንደር እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 1958 ተወለዱ። ትምህርታቸውን በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ አምስተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ስድስተኛ ክፍል ስላልነበረ አምስተኛን ሁለት ጊዜ ተምረዋል።

በ1983 ከዶኛ ፎርቱናታ ማጊኛ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ኔሊዳንና ዊልመርን ወልደዋል።

በ1996 ከመንደራችን በላይ ባለው በሩሪቆቻ ሐይቅ ጠባቂነት ተቀጠሩ። ሥራቸው ሐይቁ ዳር በተሠራች ጎጆ እየኖሩ፣ ውሃው ውስጥ የቆመውን ባለቀይ ምልክት እንጨት እያዩ፣ በየሁለት ሰዓቱ በሬዲዮ ለመንደሩ ማስታወቅ ነበር። ከባልደረባቸው ጋር እየተፈራረቁ ሃያ ሰባት ዓመት «ሐይቁ እንደነበረ ነው» ብለዋል። እንደነበረ ማለት፣ ከሁለት ሰዓት በፊት እንደነበረው ማለት ነው። ሲቀጠሩ የበረዶው ግግር ከጎጆዋ በር ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ነበር፤ ሥራ ሲለቁ ግማሽ ሰዓት ያስኬድ ነበር። ሐይቁ የቀለጠውን ሁሉ እየተቀበለ ስምንት እጥፍ ሆኗል። ከሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ግን አንድም ለውጥ አልተመዘገበም።

በየካቲት 2017፣ በመንደሩ ክብረ በዓል ዕለት፣ ከግግሩ አንድ ትልቅ ቁራጭ ተሰብሮ ሐይቁ ውስጥ ወደቀ። ዶን ቴኦዱሎ ማዕበሉን አይተው የመንደሩን የማስጠንቀቂያ ሳይረን አስጮሁ፤ በሬዲዮም «ውጡ» አሉ። ውሃው ሐይቁን ያገደውን ግድብ ከጣሰ መንደሩ ለመድረስ ሃያ ስድስት ደቂቃ እንደሚበቃው መሐንዲሶች ነግረውናል። ሕዝቡ ሙዚቀኛውንም የተጠበሰውን የኩይ ሥጋም ትቶ መስቀሉ ወዳለበት ዳገት ወጣ። ማዕበሉ ግድቡ ላይ ቆመ። ሰው ሲመለስ ኩዩን ውሾች ጨርሰውት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው «ታይታ ውጡ»፣ ማለትም «አባባ ውጡ»፣ ሆነ።

በዚያው ዓመት ዝናብ ቀረ። ደመናውን የሚያባርረው የሳይረኑ ምሰሶ ነው ተባለ፤ በስብሰባ እጅ ወጥቶ ተነቀለ። ሽቦው እስከ ዛሬ በዶኛ ፎርቱናታ ደጅ ልብስ ይሰጣበታል።

ዶን ቴኦዱሎ ዕረፍት በወጡ ቁጥር በየቤቱ እየዞሩ፣ በዓመት አንዴ እንኳ ዳገቱን መውጣት እንለማመድ ብለው ለመኑ። አንዱ ጉልበቴን አለ፣ አንዱ ድንቹን። ነቀላውን የመሩት አበልጃቸው ዶን ኤርሞሄኔስ ቺንቻይ ግን ቁርጡን ነገሯቸው፦ «አበልጄ፣ አንተ ውጡ ባልክ ቁጥር ጦማችንን ነው የምናድረው። እኔ ያን ዳገት ዳግመኛ የምወጣው ሬሳ ተሸክሜ ነው።»

ዶን ቴኦዱሎ «የማንን?» ብለው ጠየቁ። 

በ2023 የሳንባ ሕመም ጠንቶባቸው ከሐይቁ ወረዱ። ሆስፒታል ተኝተው በየሁለት ሰዓቱ ሰዓት ይጠይቁ ነበር። በመመዝገቢያ ደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይም፣ ወንዙ ዳር ባለው መካነ መቃብር በወላጆቻቸው አጠገብ ሳይሆን፣ ዳገቱ ላይ መስቀሉ ሥር እንዲቀበሩ ጻፉ። ዶኛ ፎርቱናታ «እዚያ ድረስ ማን ይመጣልሃል?» ቢሏቸው «ሁሉም» አሉ።

ሰኔ 9 ቀን 2024 በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ሳጥኑን በፊት በኩል በቀኝ የተሸከሙት ዶን ኤርሞሄኔስ ናቸው። ሬዲዮውን የተረከበው ልጃቸው ዊልመር ተረኛ ስለሆነ በቀብሩ አልተገኘም። ይህ ወረቀት ሲታተም «ሐይቁ እንደነበረ ነው» ብሏል።

ኔሊዳ ሰዓት ይዛለች። ደቂቃውን ስትነግራችሁ በየወረቀታችሁ ባዶ ቦታ ሙሉት።

ውሃው ከሐይቁ እስከ መንደሩ የሚፈጅበት፦ 26 ደቂቃ።
እኛ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ መስቀሉ የፈጀብን፦ ............ ደቂቃ።

እግዚአብሔር የዶን ቴኦዱሎን ነፍስ ከፍ ባለ ቦታ ያሳርፍ፤ እኛንም ትንፋሻችን እስኪመለስ እዚሁ ያቆየን።