በአርባ አንደኛው ጣቢያ የተቆጠሩት ሰባት ዓሦች

ለምወድሽና ለምፈራሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ራስ ምታቱ ተወሽ ወይ? እማማስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃውን ያስወጣታል ወይስ አሁንም ታች ሆና ነው የምትጣራው? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ከጤናዬ ውጭ ያለውን ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽሽም።

አባባ ካረፈ ወዲህ፣ በስምንት ወር ውስጥ ከአንቺ የደረሰኝ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ዓሣ ከአባትሽ በለጠብሽ» የሚል። ስልክ ስደውል ለእማማ ታቀብያታለሽ። እማማም «እህትሽ እጇ ሊጥ ነው» ትለኛለች። ስምንት ወር ሙሉ እጁ ከሊጥ የማይወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ያኮረፍሽው ለቀብሩ ስላልደረስኩ ነው ብዬ ዝም ብዬ ተቀበልኩት። እውነተኛውን ምክንያት ያወቅሁት ባለፈው ሳምንት ነው፤ ያወቅሁትም በዓሣ ሰበብ ነው። ስለዚህ ስለ ዓሣ ስጽፍልሽ ጥቂት ታገሺኝ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ብትቀጂውም መብትሽ ነው።

በምድር ጫፍ ባለው ቀዝቃዛ ባሕር፣ ወለሉ ላይ የሚኖሩ ዓሦች እንደ ሰፈር ሰው ናቸው፤ ሁሉም የየራሱ መንደር አለው። በጥልቁ ጎድጓዳ ውስጥ ውኃው ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛል፤ ጨዋማ ስለሆነ ግን በረዶ አይሆንም። እዚያ ጭቃው ላይ ቅርፊት የሌላቸው፣ ራሳቸው ከገላቸው የሚተልቅ ትንንሽ ዓሦች ተለጥፈው ይኖራሉ። መርከበኞቹ «አኩራፊዎቹ» ይሏቸዋል፤ አንቺን እያስታወሱኝ ብዙ ስቄባቸዋለሁ። ሞቅ ባለው ዳርቻ፣ ጠጠሩ ላይ ደግሞ ለገበያ የሚፈለጉት ትልልቆቹ ይኖራሉ። በሁለቱ መካከል በዓይን የማይታይ ድንበር አለ። ድንበሩን የምናገኘው፣ መረብ ወለሉ ላይ ግማሽ ሰዓት ጎትተን፣ የወጣውን በየዓይነቱ ለይተን ስንቆጥር ነው። መረብ የምንጥልበት እያንዳንዱ ቦታ ጣቢያ ይባላል፤ ቁጥር አለው። ባሕሩ እየሞቀ ሲሄድ ትልልቆቹ ወደ አኩራፊዎቹ መንደር ገብተዋል ወይስ አልገቡም የሚባለው በዚህ ቆጠራ ነው። ዓሣ መለያው ጠረጴዛ አጠገብ የምቆመው እኔ ነበርኩ።

አርባኛው ጣቢያ በሞቃቱ ዳርቻ ነበር፤ መረቡ በትልልቆቹ ሞልቶ ወጣ። ማዕበል እየመጣ ነው ተባለ። ጉዞውን የሚመራው አለቃዬም «በመረቡ ጭራ የቀረውን ማራገፍ ይቅር፤ ቀጥሉ» ብሎ አዘዘ። አርባ አንደኛው ጎድጓዳው ውስጥ ነው። መረቡ ሲወጣ ከአኩራፊዎቹ መሃል ሰባት ትልልቅ ዓሦች ተገኙ። አለቃዬ እንደ ልጅ ዘለለ፤ «ገብተዋል! ድንበሩ ፈርሷል!» እያለ ትከሻዬን መታኝ። እኔ አንዱን አነሳሁት። ደርቋል። ዓይኑ ፈዟል፤ ጎኑ ላይ የመረቡ ገመድ ታትሟል። የአኩራፊዎቹ አፍ ግን ገና ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሰባቱ ከአርባኛው ጣቢያ ጀምሮ በመረቡ ጭራ ተወሽቀው የመጡ ናቸው። የሞቱት ሌላ ቦታ ነው።

ይህን ለማወቅ ዲግሪ አላስፈለገኝም። አባባ ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው ሲሻገር ወፍጮውን አጥፍቶ፣ በዚያች እጀታዋ በተቃጠለ መጥረጊያ አፉን ያስጠርገን አልነበር? «ገብሱ ከስንዴዋ ሴትዮ ከረጢት ከተገኘ እናንተን ነው የምፈጫችሁ» ይለን ነበር። አንቺ ሁልጊዜ ቶሎ «ጨረስኩ» ትያለሽ። እሱ ጣቱን ሰዶ የቀረውን ዱቄት ያወጣና አፍንጫሽ ላይ ይቀባሻል።

እናም በቆጠራው ቅጽ ጠርዝ ላይ «ሰባቱ ከቀደመው ጣቢያ የመጡ ናቸውና አይቆጠሩ» ብዬ ጻፍኩ። ሪፖርቱ ታትሞ ሲወጣ ማስታወሻዬ የለም፤ ሰባቱ ዓሦች አሉ። ከሥራቸው ደግሞ ዓሦቹን የለየችው ተብሎ ስሜ አለ። ብጮህ፣ «አንቺ ልጅ፣ ምነው ደስታ አትወጂም?» ተባልኩ። ዘንድሮ የሌላ ተቋም መርከብ እዚያው ሄዶ ሲጎትት አንድም ትልቅ ዓሣ አላገኘም፤ ጥያቄ መጣ። ይሄኔ የአለቃዬ ግኝት የእኔ ስሕተት ሆነ። «ማስታወሻ መጻፍ ረስቼ ነው» የሚል ወረቀት አዘጋጅቶ አቀረበልኝ። ብፈርም ቦታዬ ይጠበቅልኛል፤ ባልፈርም ውሌ በዚህ ወር ያበቃል። «አባትሽ አልጋ ላይ ስለነበር ሐሳብሽ ተከፋፍሎ ነው፤ ሁሉም ይረዳሻል» አለኝ። የአባባን መታመም እዚህ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከየት አመጣው እያልኩ ወጣሁ።

መረቡን አታራግፉ ብሎ ማን እንዳዘዘ የሚጻፈው በመርከቡ መዝገብ ስለሆነ ወደብ ወረድኩ። መዝገቡን የሚይዘው የሬዲዮ ሠራተኛው ነው፤ ከሰው ስለማያወራ «ግድግዳው» እንለዋለን። አንድ ወንበር ብቻ በምትይዝ ክፍሉ ውስጥ እሱ ቆሞ እኔን አስቀመጠኝ። የአርባ አንደኛውን ቀን ስፈልግ ጥቂት ገጽ ወደ ኋላ አለፍኩ። የገቢ መልእክት ዝርዝር ነው። ስሜ አለ። ከእህቷ ይላል። «አባባ አልጋ ይዟል። ስምሽን ይጠራል። ቶሎ ነይ።» አጠገቡ ቀኑና ሰዓቱ፣ ከዚያ የተረካቢ ፊርማ። ፊርማው የአለቃዬ ነው።

እታለም፣ ይህ መልእክት አልደረሰኝም። ባሕር ላይ ስልክ አይሠራም፤ የሚመጣልን ሁሉ በመርከቡ ሬዲዮ ነው። ለእኔ የተሰጠኝ ጉዞው ካለቀ በኋላ «አርፏል» የሚለው ብቻ ነው። መልእክትሽ በገባ በሁለተኛው ቀን መርከባችን መረብ መጎተቻዋን ለማስጠገን ወደብ ገብታ ነበር። ወርጄ ሳሙና ገዛሁ፤ ለአባባም የሱፍ ካልሲ። ከሱቁ ፊት ለፊት ወደ አየር ማረፊያ የሚሄድ አውቶቡስ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ሹፌሩ ትሄጃለሽ ወይ ብሎ በእጁ ሲጠራኝ፣ የት አባቴ ልሄድ ብዬ ሳቅሁ። አባባ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን በሕይወት ነበር።

ግድግዳው ላይ ጮኽኩበት። «የእኔ ሥራ መቀበልና ማስረከብ ነው፤ አስረክቤያለሁ» አለኝ። ቆይቶ ኮፍያውን አወለቀ፤ የመልእክቱንና የመረቡን ትእዛዝ ገጾች በገዛ እጁ ኮፒ አድርጎ ሰጠኝ። አለቃዬ ጋ ስገባ አላስተባበለም። «አንቺ ብትሄጂ ዓሣውን ማን ይለየዋል? ደግሞስ ባሕር መሃል ሆነሽ ብትሰሚ ምን ይፈይድልሻል፣ ለአንቺው ብዬ ነው» አለ። ወደብ ገብተን ነበር አልኩት። ብዕሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። አነሳሁትና በወረቀቱ ጀርባ ጻፍኩ፤ «በአርባ አንደኛው ጣቢያ የተገኘው ትልቅ ዓሣ ዜሮ ነው። ሰባቱ የሞቱት ሌላ ቦታ ነው።» ፈርሜበት ከመዝገቡ ቅጂ ጋር ለጠየቀው ተቋም ላክሁት። ውሌ አበቃ። መጻሕፍቴ ካርቶን ገብተዋል፤ ይህንንም የምጽፍልሽ አልጋ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ ነው። በወሩ መጨረሻ ክፍሉን አስረክቤ እመጣለሁ። አልጸጸትም፤ ሰውዬውንም እዚያ ሆኜም ቢሆን አልለቀውም።

የመልእክቱ ገጽ ቅጂ ከዚህ ጋር አለ። ቀኑን እይው፤ ፊርማውንም እይው። ባላጠፋሁት ይቅርታ አልጠይቅሽም። ለእማማ ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢላት፤ ልጄ ተጠርታ ቀረች ብላ እንዳትኖር። ኩርፊያሽንም ከእኔ ላይ አንሺና ለሚገባው ስጪው።

አባባ ግን ጠርቻት ቀረችብኝ ብሎ ሄዷል። ለእሱ ማስታወሻ የምጽፍበት ጠርዝ የትም የለም። ስለዚህ ለምኜሽ የማላውቀው እህትሽ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ስለ እኔ ያለውን ሁሉ ጻፊልኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይል እንደነበር፣ ተቆጥቶብኝ እንደሆነ፣ ስሜን መጥራት የተወበት ቀን ካለም እሱኑ። አታሳምሪልኝ፣ አትቀንሺልኝ፤ እንደነበረ ጻፊው።

የእማማን ሁለቱንም ጉልበቶች ሳሚልኝ። ባለቤትሽን፣ ያን ዝምተኛ ቸር ሰው፣ እጅ ንሺልኝ። መሐንዲሱ ልጅሽ የፈታታውን ሬዲዮ እስክመጣ ይግጠመው፤ ወሬኛዋ ልጅሽም ለእኔ የሚሆን ወሬ ታስቀምጥልኝ። ወፍጮውን ለያዘው ለአጎታችን ሰላምታዬን አድርሺልኝና መጥረጊያዋን እንዳይጥላት ንገሪው።

እህትሽ
ከወደቡ በላይ ካለው የኪራይ ክፍሌ
የካቲት ፳፩ ቀን