ሳይለካ የታሰረ ቀይ ክር

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

ካሜራውን ስነካው ቀኝ ክንዴ ተወርውሮ መዳፌ የጋለው የሽቦ መበየጃ ላይ አረፈ። አጎቴ "ጥንቃቄ የላትም" ብሎ በስልክ የነገረህ ነገር የጀመረው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። ይህን ከሰላምታዬ ያስቀደምኩት ንዴቴ አላስቀምጥ ስላለኝ ነው። ለመሆኑ አንተ እንዴት ነህ? ጉልበትህን አሁንም ያምሃል ወይ? እማዬስ ሳሏ ተሻላት? እኔ ከቀኝ እጄ በቀር ደህና ነኝ።

እንደምታውቀው በአጎቴ ሱቅ የምንጠግነው ፊልም የሚጎርሱ የድሮ ካሜራዎችን ነው። የፍላሻቸው ካፓሲተር ባትሪው ከወጣም በኋላ ሰው የሚያስፈነጥር ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። በቤቱ ደንብ ያንን ኤሌክትሪክ ያስወጣ ሰው ዜሮ መሆኑን ለክቶ ማንገቻው ላይ ቀይ ክር ያስራል። ክሩን ያየ ዳግመኛ አይለካም፤ የባልደረባውን እጅ አምኖ ይከፍታል። ያን ዕለት ያሰረው አጎቴ ነው። ደንበኛው ቆሞ ሲያጣድፈው ሳያስወጣ፣ ሳይለካ አስሮ "ቶሎ በይ እንጂ፣ ሰውየው እዚሁ ሊሸብት ነው!" ብሎ ሰጠኝ።

ካሜራው ከእጄ ወድቆ ሌንሱ ተሰነጠቀ። አጎቴ መጀመሪያ ያነሳው እሱን ነው። ከዚያ ደንበኛው ፊት "ዲግሪሽን ለኤሌክትሪኩ አታሳዪውም ነበር?" ብሎ አላገጠብኝ። ሰውየውም ሳቀ። ሌንስ የሚያጸዱት አዛውንት ክሩ ሲታሰር አጠገቡ ነበሩ። ስጠይቃቸው "የኔ ልጅ፣ መነጽሬን አውልቄ ነበር" አሉኝ። እኔ ሲያወልቁት አይቼ አላውቅም።

መዳፌ እየዳነ ነው። ሁለት ጣቶቼ ግን ደንዝዘዋል፤ ቀጭን ሽቦ መያዜን የማውቀው በዓይኔ አይቼ ነው። በመርፌ ያሳደግከን ልብስ ሰፊ ነህና ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋህም።

"ወንድሜ እኮ ነው፣ እንደ አባትሽ ነው፣ እግሩ ላይ ወድቀሽ ታረቂው" ብለህ ጽፈህልኛል። እሱም ሠራተኛው ሁሉ ፊት ጥፋቴን ካላመንኩ ወደ ሥራዬ እንደማልመለስ ነግሮኛል። አባዬ፣ ቃልህን ረግጬ አላውቅም። ይህን ግን አላደርገውም። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ባምንለት ነገ ሌላው ደግሞ የእሱን እጅ አምኖ ይከፍታል።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ። ታናሽ እህቴን ለፈተናው በርቺ በላት። አያቴን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ የእጄን ነገር ግን እንዳትነግራት።

ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ፤ ባጣም አጣለሁ። ከእንግዲህ የሌላ ሰው ጥፋት "የቤተሰብ ነገር ነው" ተብሎ እኔ ላይ ሲላከክ፣ ከአንተም አፍ ቢመጣ፣ አልቀበልም።

ልጅህ
ከተከራየሁት ክፍል፣ እሑድ ጠዋት፣ መጋቢት 9 ቀን