ሌሊት የሚጠፋው የሞተር ዘይት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 5 ቀን 1957

ዘይቱ የለም። ትናንት ቡሬ ላይ በገዛ እጄ ሞልቼው ነበር። ዛሬ ጠዋት ክዳኑን ከፍቼ እንጨት ብሰድበት ጫፉ ብቻ ረጥቦ ወጣ። ጠርጌ ደግሜ ሰደድሁት፣ ያው ነው። በረንዳው ላይ ተንበርክኬ ከሞተሯ ሥር መሬቱን በመዳፌ ዳበስሁ። ደረቅ። አንዲት ጠብታ እንኳን የለችም። ክው አልሁ።

ሞተር ብስክሌቷን ከገዛኋት ሦስት ሳምንቴ ነው። ደብረ ማርቆስ የነበረ ጣሊያን መካኒክ ወደ አገሩ ሲገባ ሸጠልኝ። በጊዜዋ የውድድር ሞተር ነበረች፤ አሁን አርጅታለች፣ ግን ዳገት አትፈራም። ዘይቷ እንደ ሌላው ሞተር ሆዷ ውስጥ አይደለም የሚቀመጠው። ከኮርቻው ሥር ትንሽ ጋን አላት፣ ከዚያ በቱቦ ይወርዳል። ከዚህ በላይ አላውቅም። ጣሊያኑ ሲሰናበተኝ "ዘይቷን ጠብቅ" ብቻ ነው ያለኝ። መቼና እንዴት እንደምጠብቅ ያስተማረኝ የጭነት መኪና ሾፌሩ ከቤ ነው። ትናንት ቡሬ ሱቅ ደጃፍ አግኝቶኝ "ሞተር ዘይት የሚታየው ጠዋት ነው፣ ሳይነሳ፣ ቀዝቅዞ እያለ" አለኝ። ዛሬ የመጀመሪያ ቀኔ መሆኑ ነው። ጥሩ ጀመርሁ።

ከጣሳው ጨምሬ ሞላሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 7

ትናንት ጎድሎ አገኘሁት፣ ሞላሁት። ዛሬም ጎድሏል። ሰንበት ስለነበር ሞተሯን አልነካኋትም፤ ቆማ ነው የዋለችው። ቆሞ የዋለ ሞተር ዘይት ይጠጣል?

የምፈራው እንዳትነክስ፣ ብረቷ ግሎ ተጣብቆ እንዳትቆም ነው። ድሬሰር ነኝ፤ ማክሰኞና ዓርብ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ድረስ ሄጄ መርፌ እወጋለሁ። ያለ ዘይት መንገድ ላይ ከነከሰች ያ ሁሉ በሽተኛ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይውላል፣ እኔም በመካከል ባለችው ማንኩሳ የሰው መሳቂያ እሆናለሁ።

ቄስ ገበዝ አድማሱ ለኪዳን ሲወጡ እንጨቴን ይዤ አዩኝ። ቤቱ የሳቸው ነው፤ እኔ ዳር ያለችውን ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃና ቁልፍ በእጃቸው ነው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የነፍስ አባቴም እሳቸው ናቸው።

"ልጀ፣ ይቺ ነገር ታማብህ ነው?" አሉኝ።

"ዘይት እየጎደለባት ነው አባ።"

"እንግዲህ ሐኪሙ አንተ ነህ" ብለው ሄዱ። ሳቅሁ። ሳቁ ግን ቶሎ ለቀቀኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

ቡሬ ደርሼ ተመለስሁ። ጉድ ነው። ስነሳ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀችና መንደሩን አስነጠሰችው፤ ሱሪዬ ከጉልበት በታች በዘይት ራሰ። ጎደለ ብዬ የምሞላው ዘይት መልሶ በላዬ ይተፋል። ከቤ ጭሱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "ያፈሰስህባት ቀጭን ዘይት ነው። ያረጀ ሞተር ውስጡ ሰፍቷል፤ ቀጭን ዘይት ሾልኮ ነው የሚያልቅብህ። ወፍራሙን ስጣት።"

ሱቁ ውስጥ ሁለቱንም ጣሳ አስከፍቼ በጣቴ ነካካሁ። ቀጭኑ እንደ ውሃ ይወርዳል፣ ወፍራሙ ጣት ለቅቆ አይሄድም። ወፍራሙን ያዝሁ። ባለሱቁ "ለምን ፈለግኸው፣ ለጠመንጃ ነው?" አለኝ። ለካ እዚህ አገር ሞተር ዘይት የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሞተር የለውም።

ይህች ነገር ቤት እስክደርስ ከራሴ አልወጣችም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ትናንት የጨመርሁት ወፍራሙም ጠፋ።

አሁን ነገሩ ግልጽ ነው። ሾለከ እንዳልል ወፍራም ነው። ፈሰሰ እንዳልል መሬቱ ደረቅ ነው፤ ማታ ከሥሯ ጋዜጣ አንጥፌ ነበር፣ ጋዜጣው ላይ ምልክት የለም። የቀረው ሰው ነው። የሚሰርቀኝ ሰው አለ።

ይህን እያሰብሁ ቀና ስል ቄስ ገበዝ በረንዳው ጫፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ የዕቃ ቤቱ ትልቅ ጓጉንቸር አለ። በጨርቅ እየወለወሉት ነው። ጓጉንቸሩ ያብለጨልጫል። ጣታቸው ጠቁሯል። ከሞተሬ ሁለት እርምጃ አይርቁም።

ሰው እንዲህ ሊሆን ይችላል? ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ ስለሆነ እንደ ስርቆት አልቆጠሩት ይሆናል አልሁ። "አባ፣ ምን ቀብተውት ነው?" ማለት ነበረብኝ። አምስት ቃል አይሞላም። አልጠየቅሁም። አፍሬ ነው ብዬ ራሴን አታለልሁ እንጂ ተናድጄ ነበር።

ከሰዓት ጭቃ ሹሙ አያ ደሴ ዘንድ ሄጄ ዘይት እንደተሰረቅሁ ነገርኋቸው። የማንንም ስም አልጠራሁም። "የሐኪም ንብረት ከአጥቢያችን ጠፋ ማለት ነውር ነው። ነገ አውጫጭኝ እንቀመጣለን" አሉ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ዋርካው ሥር ተቀመጥን። የአጥቢያው ወንድ ሁሉ እህል አጨዳውን ትቶ መጣ፣ ቄስ ገበዝም መጡ። ደንቡን ሰምቼው እንጂ አይቼው አላውቅም ነበር። እያንዳንዱ ሰው በተራው ተነስቶ በሽማግሎቹ ጆሮ የሚያውቀውን ያንሾካሹካል። "ወፍ ነገረችኝ" ብሎ ይጀምራል። ወፊቱ ማን እንደሆነች አይጠየቅም፤ ሰው ሳይፈራ እንዲናገር ነው።

ብዙዎቹ "ወፍም አልነገረችኝ" እያሉ ተመለሱ። ተራዬ ደረሰ። ዝም ብዬ ልመለስ ነበር፣ በእግዜር ስም እላለሁ። ግን ጎንበስ አልሁና "ወፍ እንደነገረችኝ የቄስ ገበዝ ጓጉንቸር ሰሞኑን ዘይት ጠግቧል" አልሁ።

አያ ደሴ ቀና ብለው አዩኝ። ተመልሼ ስቀመጥ ቄስ ገበዝ ቦታ ለቀቁልኝ። "እዚህ ጥላ አለ፣ ጠጋ በል" አሉኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

ከቡሬ ስመለስ እሜቴ ይርገዱ፣ የቄስ ገበዝ ባለቤት፣ ደጃፉ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። አያ ደሴ መጥተው ወፍ ያለችውን ለቄስ ገበዝ ነግረዋቸው ሄደዋል። ቄስ ገበዝም ቁልፎቹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄደው ለደብሩ ሽማግሎች አስረከቡ።

"ስሜ በወፍ አፍ ከገባ ቁልፍ በእጀ አይቆይም፣ ከነገሩ እስክነጻ መቅደስም አልገባም ብለው መጡ" አሉኝ እሜቴ። "ነገ ሚካኤል ነው። እኔ ካገባኋቸው ወዲህ ሚካኤልን ውጭ ቆመው አያውቁም። ጓጉንቸሩን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ በጉሎ ዘይት፤ ዛገ ሲሉ ሰምቼ። የሚስት ምስክርነት ማን ይሰማል?"

የጉሎ ዘይት። ቅሉን አምጥተው አሳዩኝ። ቀይ ጭቃ መሳይ ነው፣ ሽታውም ሌላ ነው። የቄስ ገበዝን ጣት ያጠቆረው የብረቱ ዝገት ነበር። ቅሉን ቶሎ መለስሁላቸው።

ታዲያ ሌባው ማነው?

ይህን እያሰብሁ ቄስ ገበዝ ራሳቸው መጡ። ፊታቸው ባንድ ቀን ጠቁሯል። "ልጀ፣ ሞተርህን ወደ ክፍልህ አስገባት። ሌባ ካለ እንዳይደግምህ" አሉኝ። አመሰገንኋቸው። ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ?

አስገባኋት። ጋኑ ጠዋት እንደሞላሁት ሙሉ ነው። በሩን በመቀርቀሪያ ዘጋሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

መቀርቀሪያው እንደ ነበረ ነው። መስኮቱ እጅ አያስገባም። ዘይቱ የለም።

ክዳኑን እንደከፈትሁ ብዙ ቆየሁ። ጋኔን አሰብሁ፣ እውነቱን ልጻፍ። ከዚያ ሞተሯን ገፍቼ አወጣኋትና የት እንደምታፈስ ልይ ብዬ ክዳኑን ሳልገጥም አስነሳኋት። ጋኑ ውስጥ አየሁ። መጀመሪያ ምንም። ቀጥሎ ከውስጠኛዋ ቱቦ ትፍ፣ ትፍ አለ። ከዚያ ዘይቱ መጣ። እንደ ምንጭ ይመጣል። ወፍራሙ ዘይቴ፣ ዓይኔ እያየ፣ ከፍ፣ ከፍ እያለ አፉ ጋ ደረሰና እጄ ላይ ፈሰሰ።

አጠፋኋትና መሬት ላይ ቁጭ አልሁ።

ማንም አልሰረቀኝም። ዘይቱ ሞተሯ ስትቆም ባረጀው ፓምፕ ሾልኮ ወደ ሆዷ ይወርዳል፤ ስትነሳ ፓምፑ ጠርጎ ወደ ጋኑ ይመልሰዋል። መታየት ያለበት ሞተሯ ሞቃ ገና እንደጠፋች ነበር። የከቤ ምክር ለጭነት መኪና ልክ ነው። ለዚች አይደለም። እኔ ጠዋት ጠዋት ባዶ ጋን እያየሁ በሙሉ ሆድ ላይ ስሞላ ሰነበትሁ፤ ጭሱም፣ ሱሪዬም የነገሩኝ ይህንኑ ነበር።

ከበሮው ከደብሩ ይሰማል። ሄድሁ። ቄስ ገበዝ ከምእመኑ ጋር፣ ከዛፍ ሥር፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰው አጠገባቸው ባዶ ቦታ ትቷል።

ከሰዓት ቤት ገብቼ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። "አባ፣ ንስሐ ልገባ ነው። አውጫጭኙ ላይ..." ከማለቴ እጃቸውን አፌ ላይ አደረጉ።

"ተነስ" አሉኝ። ድምፃቸውን እንዲያ ሰምቼው አላውቅም። "በንስሐ ከነገርኸኝ አፌ ይታሰራል። አንተ ቀልሎህ ትሄዳለህ፣ እኔ ተሸክሜው እቀራለሁ። በአደባባይ የወጣ ነገር ከሆነ በአደባባይ ተናገረው። እኔ ምንም አልሰማሁም።"

ዛሬ እህል አልበላሁም።

እሑድ፣ ኅዳር 13

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ሲቀመጥ ሞተሯን እየገፋሁ ደረስሁ። ማስነሳት አልፈለግሁም፤ ባዶውን ጋን መጀመሪያ እንዲያዩ ነው። አያ ደሴ ጣታቸውን ከተቱ፣ ደረቅ ወጣ። አስነሳኋት። ዘይቱ ሲመጣ ሰዉ ተደራርቦ አየ፣ አንዱ ሽማግሌ አማተበ። "ሌባዋ ራሷ ሁና ነው እንጅ" አለ ከኋላ አንዱ። ሳቁ።

እዚህ ላይ ባቆም ማንም አይጠይቀኝም ነበር። የወፊቱ ነገር በደንቡ ተቀብሮ ይቀር ነበር። ይህን አሰብሁት።

"ጓጉንቸሩን የተናገረችው ወፍ እኔ ነኝ" አልሁ።

ሳቁ ቆመ። በቤታቸው እንደምኖር፣ እጃቸው ላይ የነበረው የጉሎ ዘይት እንደሆነ፣ ሳልጠይቅ እንደፈረድሁ ሁሉንም ተናገርሁ። አንዲት ሴት "ኧረ እናቱ አይስሙ" አለች። አያ ደሴ ተነስተው ቁልፎቹን ከሽማግሎቹ ተቀበሉና ለቄስ ገበዝ በሁለት እጃቸው ሰጡ። ቄስ ገበዝ ተሳልመው ተቀበሉ። ወደ እኔ ዘወር አላሉም።

ሰኞ፣ ኅዳር 14

ዝም አሉኝ። ለኪዳን ሲወጡ በደጄ አለፉ፣ "እንዴት አደርህ" የለም። እሜቴ ይርገዱ ሰላምታዬን ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ ተቀበሉ። ልብሴን አጣጥፌ ሣጥን ላይ አደረግሁ። ልቀቅ ሳልባል ልልቀቅ ይሆን? ክፍል የሚያከራየኝስ ማነው አሁን?

የሞተሯን የተትረፈረፈ ዘይት ቀድቼ አወጣሁ። ካስነሳሁ በኋላ አየሁት። ልክ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ጠዋት ለቡሬ ስነሳ ቄስ ገበዝ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መስቀላቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ቆመዋል። ይህችን ሞተር "ሰይጣን የተጫነው በቅሎ" ብለው አንድ ቀን እንኳን በእጃቸው ነክተዋት አያውቁም።

"ቡሬ ትሄዳለህ?"

"አዎ አባ።"

"እኔም ጉዳይ አለኝ" አሉ። ምን ጉዳይ እንደሆነ አልነገሩኝም።

ከኋላዬ ባለችው ጠባብ መቀመጫ ላይ አወጣኋቸው። በጓሮው መንገድ ልወስዳቸው ስል ትከሻዬን ያዙና "በገበያው በኩል" አሉኝ። በገበያው አለፍሁ። ሰው ሥራውን ትቶ ቆሞ አየን። አያ ደሴ ከፈረሳቸው ላይ ሆነው እጅ ነሱ፣ ቄስ ገበዝም በመስቀላቸው ባረኩ፤ እኔ ሚዛን ለመጠበቅ ስታገል ላብ አጠመቀኝ።

እስከ ማንኩሳ አንድ ቃል አልተናገሩም። ወገቤን ግን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ይዘውኝ ነበር። ይቅር ብለውኝ ይሁን ወይስ ፈርተው፣ እስካሁን አላወቅሁም።